«እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም፦ የገጠር አረጋውያን ጤናና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ካህናት አባቶቻችን ምእመናንን ሲመርቁ «ዕድሜ ለንስሐ፣ ዘመን ለፍሥሓ ይስጥልን» ይላሉ። ምርቃቱ አጭር ቢሆንም ሁለት ቁም ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው፣ ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዕድሜ የሚለመነው ለቁጥሩ ሳይሆን ለሚሠራበት በጎ ነገር መሆኑ ነው። ለማስቀደስ፣ ልጅ ለመምከር፣ የተጣላ ለማስታረቅ የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚራመድ እግርና የሚያስተውል አእምሮ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአረጋውያን ረጅም ዕድሜ የምንመኝ ከሆነ፣ ያን ዕድሜ የሚጠቀሙበትን ጤና መጠበቅም የምኞታችን ክፍል ሊሆን ይገባል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያሉትን ዓመታት «የጤናማ እርጅና ዐሥርት» ብሎ ሰይሟቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጤናማ እርጅናን ሲያብራራ፣ ፈጽሞ አለመታመም ማለት እንዳልሆነ ይገልጻል። ሰው በእርጅናው ዘመን ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ማድረግ የሚያስችለውን ዐቅም ጠብቆ መኖሩ ነው ይላል። ይህ አባባል ከአባቶቻችን ምርቃት ጋር የሚጣጣም ነው። በዚህ ጽሑፍ የድሬዳዋን ገጠር፣ በተለይም ሐርላን በማሰብ፣ የገጠር አረጋውያንን ጤና ምን እንደሚጎዳው፣ ቤተሰብና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ምን ማድረግ እንደሚችሉ በአጭሩ እንመለከታለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ እርጅና ምን ያስተምራሉ?

መጽሐፍ ቅዱስ እርጅናን ሲያከብር ድካሙን አይሸሽግም። በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 12 ጠቢቡ ሰሎሞን የአረጋዊን ሰውነት በሚያረጅ ቤት መስሎ ያቀርበዋል። የሚንቀጠቀጡት ጠባቂዎች እጆች፣ የሚያንሱት ፈጪዎች ጥርሶች፣ የሚጨልሙት መስኮቶች ደግሞ ዓይኖች እንደሆኑ መተርጕማን ያስተምራሉ። ይስሐቅ በእርጅናው ዓይኑ ፈዝዞ ልጆቹን መለየት ተስኖት ነበር (ዘፍ. 27)። የ80 ዓመቱ ቤርዜሊም የምግብ ጣዕም እንደማይለይ፣ የዘፋኞችንም ድምፅ በሚገባ እንደማይሰማ ለንጉሥ ዳዊት ተናግሯል (2ኛ ሳሙ. 19)።

በሌላ በኩል ካሌብ በ85 ዓመቱ ለሥራና ለዘመቻ ብርቱ እንደነበረ እናነባለን (ኢያ. 14)። ነቢዪት ሐናም በ84 ዓመቷ ከመቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ታገለግል ነበር፤ አዳኙንም ለማየት በቅታለች (ሉቃ. 2)። ከእነዚህ ታሪኮች እርጅና ለሁሉም በአንድ መልክ እንደማይመጣ እንማራለን። ዕድሜያቸው የተቀራረበ ሁለት ሰዎች አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ከተፈጥሮ ብቻ የሚመጣ አይደለም። አመጋገብ፣ ሥራ፣ ሕክምናና የሰው ድጋፍም ድርሻ አላቸው።

የሐርላ አረጋውያን

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ዝናዋ የወጣው በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነው። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ግኝት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታና ከግብፅ፣ ከሕንድና ከቻይና ጋር ይደረግ የነበረ ንግድ ምልክቶች በቦታው እንዳሉ አሳይቷል። ምሁራኑ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ግን ገበሬዎች በሚያርሱበት መሬት የሸክላ ስባሪና የጥንት ሳንቲም ያገኙ ነበር። በቦታው ታላቅ ከተማ እንደነበረና ግዙፋን ሰዎች እንደሠሩት ሲነገር የኖረውም በሽማግሌዎች አንደበት ነው። የግዙፋኑ ነገር አፈ ታሪክ ቢሆንም የከተማው መኖር እውነት ሆኖ ተገኝቷል። አረጋውያን የሚጠብቁት ዕውቀት ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን ይህ ብቻ ያስረዳል።

አብዛኛው የሐርላ ነዋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪና የእስልምና ተከታይ ገበሬ ነው። በድሬዳዋና በዙሪያዋ የሚኖሩ ክርስቲያን አረጋውያንም ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ የውኃ ችግር፣ ያንኑ የጤና ተቋም ርቀት ይጋራሉ። ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ባስተማረው ትምህርት ባልንጀራ ማን እንደሆነ በግልጽ አሳይቶናል (ሉቃ. 10)። ስለዚህ ስለ አረጋውያን ጤና ስንነጋገር የደጃችንን ጎረቤት በሃይማኖት ለይተን አንተውም።

የድሬዳዋ ቆላ ለአረጋውያን ጤና የራሱ ፈተና አለው። ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ውኃ ቢያጥረውም የጥማት ስሜቱ ይቀንሳል፤ በሞቃት አገር የሚኖር አረጋዊ ሳያውቀው ሊዳከምና ሊያዞረው ይችላል። በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የተከሠተው በድሬዳዋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማና በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ መራባት የምትችል እንግዳ የወባ ትንኝ በዚያው በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ አስከትላለች። የእነዚህ በሽታዎች ተሸካሚ ትንኞች በበርሜልና በእንስራ በተጠራቀመ ክፍት ውኃ ይራባሉ። ስለዚህ የአረጋዊት እናታችንን በርሜል መክደን፣ በየሳምንቱም ማጠብ ትንሽ መስሎ የሚታይ ትልቅ አገልግሎት ነው።

እርጅናን ከበሽታ መለየት

አረጋውያንን ከሚጎዱ ነገሮች ዋነኛው «እርጅና ነው» የሚለው ንግግራችን ነው ብለን እናምናለን። አባት ዓይናቸው ሲፈዝ፣ እናት ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ አያት ነገር ሲረሱ ሁሉንም በአንድ ቃል እንዘጋዋለን። እነርሱም ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ዝም ይላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ድካሞች ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ በሽታዎች ናቸው።

ለምሳሌ የዓይን ሞራን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ በብዙዎችም ዘንድ ብርሃን ይመለሳል። በቤት ውስጥ በልጅ ልጅ እጅ እየተመሩ የሚኖሩ ስንት አረጋውያን ዳግመኛ ማየት ይችሉ ይሆን?

የደም ግፊትም ብዙ ጊዜ ሳያም ቆይቶ በድንገት ስትሮክ ያመጣል። መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። በድንገት የመጣ መዘባረቅ ወይም ግራ መጋባት እንደ መርሳት ሊቈጠር አይገባም፤ የኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መታየት አለበት። ለብዙ ዓመታት በማገዶ ጭስ ውስጥ የኖሩ እናቶች ሳልና የትንፋሽ ማጠርም የሳንባ በሽታ ሊሆን ይችላል። የጫት ልማድ ባለበት አካባቢም ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትንም እንደሚቀንስ አረጋውያን ማወቅ ይገባቸዋል።

ጾም፣ ስግደት፣ ጠበልና መድኃኒት

አረጋውያን ምእመናን በሰባቱ አጽዋማት ጸንተው መኖራቸው የሚያስመሰግን ነው። የጾም ምግባችንም ጥራጥሬና አትክልት የሚበዛበት በመሆኑ ለጤና ይረዳል። ሆኖም ብዙዎች በጾም ወራት መድኃኒት ያቋርጣሉ። የደም ግፊት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ለስትሮክ ያጋልጣል። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበሉ ረጅም ሰዓት መቆየት ደግሞ ስኳርን ከልክ በላይ አውርዶ ራስን ሊያስት ይችላል። ከቅዱስ ቍርባን በፊት በሚጠበቀው የ18 ሰዓት ጾምም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ መፍትሔ አላት። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ የሕሙማንን ድካም ግምት ውስጥ ያስገባል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5)። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት አረጋዊው ወይም ልጁ ከሐኪም ጋር ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፣ ከንስሐ አባት ጋር ደግሞ ስለ ጾሙ ሰዓትና መጠን ሊነጋገር ይገባል። በንስሐ አባት ምክር ጾሙን እንደ ዐቅሙ የጾመ ሰው ጾሙን እንዳፈረሰ አይቈጥር። ጉልበቱን የሚያመው አረጋዊም መሬት እየሳመ መስገድ ቢሳነው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰግዳል፤ በመቋሚያ ተደግፎ ይጸልያል።

ጠበልና ሕክምናም አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክም በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ማስተማራቸው ይታወሳል። ይህ ትምህርት ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማንም ይሠራል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱ አረጋውያንም አሉ። ከድሬዳዋ ቆላ ወደ ደጋው የሚወስደው የደንገጎ ዳገት ለወጣትም አድካሚ ነው። ስለዚህ መድኃኒታቸውን፣ የሚጠጣ ውኃና የብርድ ልብስ ይዘው፣ ከሰው ጋር ሆነው፣ ቢቻል በመኪና ይጓዙ። ስእለት የሚቀበል አምላክ ድካምንም ያውቃል።

ልጆች ሆይ፣ ቁርባኑ እንዳይሻር

በገጠር ወጣቶች ለሥራ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። በቤት የሚቀሩት አረጋውያን ከብት ይጠብቃሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ልጆች ገንዘብ ቢልኩም እንኳ ብቸኝነት ገንዘብ ብቻውን የሚሽረው ሕመም አይደለም። ብቻውን የሚበላ አረጋዊ ጥቂት ይበላል፤ የሚያነጋግረው ያጣም ቀስ በቀስ ይደክማል።

ጌታችን ለመቅደስ የሚሰጥ መባን ምክንያት አድርገው ወላጆቻቸውን መርዳት የተዉትን ፈሪሳውያን ገሥጿቸዋል (ማር. 7)። ይህ ተግሣጽ ለእኛም ነው። ለንግሥ በዓል ጃንጥላ የምንገዛ፣ ለሩቅ ገዳም ስእለት የምናደርስ ልጆች የእናታችን ዓይን ሳይታከም ከቀረ መባችን ምን ይረባል? ጌታ ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐ. 19)። በሥቃይ ውስጥ ሆኖ ያልዘነጋውን እኛ በምቾት ውስጥ ሆነን ልንዘነጋው አይገባም።

በአጥቢያ ምን እናድርግ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ዐቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ከ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም የድሬዳዋን ገጠር ቀበሌዎች ያካተተ ሲሆን፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ ይደርሳሉ። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጋር ተባብራ የሚከተሉትን ማድረግ ትችላለች።

1. መዝግቦ መጠየቅ፦ ሰበካ ጉባኤው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ይመዝግብ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት በተራ ይጠይቃቸው። ጠያቂው መድኃኒት አለመቋረጡን፣ ምግብና ውኃ መኖሩን፣ የውኃው በርሜል መከደኑን ይመልከት።

2. መለካት፦ በዓመት ሁለት ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ የጤና ባለሙያ ተጋብዞ የደም ግፊት፣ የስኳርና የዓይን ምርመራ ያድርግ። በአጥቢያው ያለ ሐኪምና ነርስ ይህን እንደ አሥራቱ ይቍጠረው።

3. መመገብ፦ ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር አረጋውያንን በማዕድ ያስቀድሙ። የማሽላ እንጀራው በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ ይታገዝ፤ በአካባቢው የሚገኝ ማንጎና ብርቱካን ይጨመር፤ ጨው ይቀነስ። ጥርስ ለሌላቸው ለስላሳ ምግብ ይዘጋጅ።

4. መንቀሳቀስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች ዐቅማቸው እስከፈቀደ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ሦስት ቀንም ሚዛንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ፣ ጓሮ መኮትኮት ለዚህ ይረዳል።

5. ከመውደቅ መጠበቅ፦ የአረጋዊ መውደቅ ዳሌን ሰብሮ አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል። የደጀ ሰላሙ ደረጃ መደገፊያ ይኑረው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ይነሣለት። በቤት ውስጥም የሌሊት መብራት አይጥፋ።

6. ማገናኘት፦ አቅመ ደካሞች ከማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንና ከሴፍቲኔት ድጋፍ እንዳይቀሩ የተማሩ ወጣቶች ወረቀታቸውን ያስፈጽሙላቸው።

7. ማማከር፦ አረጋውያን ተረጂ ብቻ አይሁኑ። ልጆችን ያስተምሩ፤ ያስታርቁ፤ የአጥቢያውን ታሪክ ይንገሩ። ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ መንግሥቱ ተከፍሎበታል (1ኛ ነገ. 12)።

የዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ይከበራል። ይህም በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21፣ የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ከበዓሉ መልስ አንድ አረጋዊ ቤት ጎራ ብለን ዓይናቸውን፣ እግራቸውን፣ መድኃኒታቸውን ብንጠይቅ፣ የታመሙም ካሉ ወደ ጤና ጣቢያ ብንወስድ በዓሉን በሥራ አከበርነው ማለት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በጸሎታቸው የጠበቁን እኛን ነው፤ እኛም ጤናቸውን እንጠብቅ።

ለአረጋውያኑ ዕድሜ ለንስሐ፣ ዘመን ለፍሥሓ ይስጥልን፤ ለእኛም የሚጦር እጅና የሚራራ ልብ ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።