የበቆሎ መርማሪዋ የወይዘሪት ማክሊንቶክ ሥራና የሊቃውንት ጽሑፍ የሚመዘንበት ቍጥር

በልዩ ልዩ አገር ያሉ መንግሥታት ስለ እህልና ስለ ከብት ለሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ገንዘብ የሚያወጣውም ክፍል ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን ለማወቅ ስለሚወድ የሥራውን ሚዛን ይሻል። ከሚዛኖቹም አንዱ፥ ሊቁ ያሳተመው ጽሑፍ በሌሎች ሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ በምስክርነት እንደ ተጠቀሰ መቍጠር ነው። ለሳይንስ ጽሑፎች ሁሉ የሚሆን እንዲህ ያለ መዝገብ በ1964 ዓመት በአሜሪካ በዩጂን ጋርፊልድ ታትሞ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ቍጥሩ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ለብቻው ሲታመን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

ወይዘሪት ባርባራ ማክሊንቶክ በ1902 ዓመት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለዱ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋትን ትምህርት ተምረው በ1927 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1931 ዓመት ከሃሪየት ክሬይተን ጋር ሆነው፥ ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፉት ክሮሞሶም የሚባሉ ረቂቅ ክሮች እርስ በርሳቸው ቍራጭ እንደሚለዋወጡ በበቆሎ አስረዱ። ይህ ሥራ ተመሰገነ፤ ክብርም ተከተለው። በ1944 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል፥ በ1945 የአሜሪካ የጄኔቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚህም ሹመት ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ ናቸው።

ከ1941 ዓመት ጀምሮ የካርኔጊ ድርጅት ደመወዝ እየከፈላቸው በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ሠሩ። በዚያም በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት በቆሎ እያስበቀሉ፥ የአበባውን ብናኝ በእጃቸው እያዳቀሉ፥ ያፈራውን ፍሬ አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። በዓመት የሚገኘው አንድ አዝመራ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ ዓመት መታገሥ ግድ ነበር።

በዚህ መካከል የዝንጕርጕሩን በቆሎ ምሥጢር ደረሱበት። በክሮሞሶም ውስጥ ያለ አንድ ቍራጭ ከስፍራው ተነሥቶ ቀለምን በሚያዘው ጂን ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይከለከላል፥ ፍሬውም ይነጣል። ፍሬው ገና ሲያድግ ቍራጩ ከገባበት ሲወጣ ግን፥ ከዚያ ሕዋስ የሚወለዱት ሕዋሳት ሁሉ ቀለማቸውን መልሰው ያገኛሉ። ቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ ነቍጣው ሰፊ፥ ዘግይቶ የወጣ እንደ ሆነ ጠባብ ይሆናል። ይህን ተዘዋዋሪ ቍራጭ ዲሶሲዬሽን አሉት፤ እርሱም አክቲቬተር ያሉት ሁለተኛው ከሌለ አይንቀሳቀስም።

ይህን በ1950ና በ1953 በጽሑፍ፥ በ1951 ደግሞ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ገለጡ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት ጂን በስፍራው እንደ ድንበር ድንጋይ የጸና ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፥ ነገሩን ያስተዋሉት ጥቂቶች ሆኑ። ወይዘሪት ማክሊንቶክም ዝርዝሩን በመጽሔት ማሳተም ቀነሱ እንጂ ምርምሩን አላቋረጡም፤ የየዓመቱን ውጤት በድርጅቱ ዓመታዊ መጽሐፍ በአጭሩ ያስገቡ ነበር። ድርጅቱም ጽሑፋቸው አልተጠቀሰም ብሎ እርሻቸውን አልነሣቸውም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌሎች መርማሪዎች በባክቴሪያ ውስጥ እንዲሁ የሚዘዋወሩ ቍራጮችን አገኙ። በ1983 ዓመት የሞለኪውል ባዮሎጂ ሊቃውንት ዲሶሲዬሽንንና አክቲቬተርን ከበቆሎው ለይተው አወጡ። በዚያው ዓመት ወይዘሪት ማክሊንቶክ በ81 ዓመታቸው የኖቤልን ሽልማት ለብቻቸው ተቀበሉ። በ1992 ካረፉም በኋላ፥ በ2009 ዓመት የበቆሎ ዘር ጽሕፈት በሙሉ ሲነበብ 85 ከመቶ የሚያህለው ከተዘዋዋሪ ቍራጮች የተሠራ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ነገር አለ። በ1951 ዓመት ኦሊቨር ሎሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ፕሮቲን የሚለካበትን ዘዴ አሳተሙ። ጽሑፉ እስከ 2014 ዓመት ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ከሁሉ አንደኛ ሆነ፤ ዘዴውን የተጠቀመ ሁሉ ይጠቅሰው ነበርና። ሎሪ ራሳቸው ግን ታላቅ ጽሑፍ አለመሆኑን እንደሚያውቁ ጽፈዋል። ቁና በየገበያው ስለ ታየ ከእህሉ ይበልጣል እንደማይባል፥ ብዙ የተጠቀሰ ሁሉ ብዙ ገለጠ አይባልም።

ስለዚህ በግዛቱ የምርምር እርሻ ያለ ሹም፥ የሠራተኛውን ድካም በወሬውና በጽሑፉ ብዛት ብቻ ሊመዝነው አይገባም። ይልቁንም የተዘራውና የተዳቀለው ሁሉ በመዝገብ በትክክል ተጽፎ እንደ ሆነ፥ ዘሩም ዳግመኛ ሲዘራ ያው ውጤት ተመልሶ ይገኝ እንደ ሆነ ይጠይቅ። እነዚህ ሁለቱ ከተገኙ፥ ሌላው ሰው ጥቅሙን እስኪያስተውል ድረስ እርሻውን ለሠራተኛው ማቈየት ኪሣራ አይደለም።