የመጨረሻዋ ዙር

ቅዳሜ ስቱዲዮ ስገባ መጀመሪያ የማወጣው ደብተሬን ነው። ገጹን በአራት ዓምድ አሰምረዋለሁ። ስም፣ ሰዓት፣ ጎማ፤ አራተኛዋ ጠባብ ዓምድ ተጀምረው ሳያልቁ ለቀሩ ዙሮች የተተወች ናት። የፎርሙላ ዋንን ማጣሪያ በሬዲዮ ሳስተላልፍ አድማጬ መኪናውንም ሰዓቱንም አያይም። ደንቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካላስረዳሁት ደግሞ ጣቢያ ይቀይራል። ስለ ማጣሪያው አካሄድ ክርክር በተነሳ ቁጥር የምመዝነው በዚህች ደብተር ነው።

«ማጣሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግረኛል። እኛ የምናውቀው የአትሌቲክሱን ነው፤ የወደቀ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን። ለተሰንበት ግደይ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ በ10 ሺህ ሜትር 29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው የኦሎምፒክ ቡድናችን በሚመረጥበት እንዲህ ባለ ማጣሪያ ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ ግን በመጀመሪያው ክፍል የወደቀውም እሁድ ይነዳል፤ ከኋላ ይነሳል እንጂ። አንድ የታክሲ ሾፌር ስልክ መትቶ «ጋሼ፣ የወደቁት ነገ የሉም ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀኝ ወዲህ «የመነሻ ቦታ ፉክክር» ማለት ጀመርኩ። ነገሩ ይኸው ነውና። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ብቻውን ሲነዳ ማን ይፈጥናል?

ይህን ጥያቄ ትተው ሌላ ሲጠይቁ ምን እንደሚሆን መጋቢት 10 ቀን 2008 ዓ.ም. አይቻለሁ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ሜልቦርን ላይ፣ የ2016 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን የመጀመሪያው ማጣሪያ ነበር። መርሴዲስ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በእያንዳንዱ ከ19 ውድድሮች 16ቱን አሸንፎ ነበርና የስፖርቱ አለቆች የመነሻ ሰልፉ ትንሽ እንዲደበላለቅ ፈለጉ። አዲሱ ደንብ በመጀመሪያው ክፍል 7 ደቂቃ እንዳለፈ ከሁሉ ዘገምተኛውን ያስወጣል፤ ከዚያ በየ90 ሰከንዱ አንድ አንድ ሰው እያወጣ ይቀጥላል። በመጨረሻው ክፍል ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ይፋለማሉ ተባለ። ወረቀት ላይ ልብ የሚሰቅል ነገር ነበር። እኔም አየር ላይ ለአድማጭ «ዛሬ ትንፋሻችሁን ያዙ» ብዬ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። የሜልቦርን አንድ ዙር ያኔ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። ከጋራዥ ወጥቶ ጎማ እያሞቁ የሚነዳው የዝግጅት ዙርም ከዚያ በፊት አለ። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ስሙ ታች ሲወርድ ላየ አሽከርካሪ 90 ሰከንድ ምንም አይሠራለትም፤ ሞተር ቢያስነሳም አይደርስም። ለስላሳው ጎማ ደግሞ ምርጡን የሚሰጠው በአንድ ዙር ነው፤ ለሦስቱ ቀናት የሚታደለውም በቁጥር ነው። ቡድኖቹ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቀድመህ ውጣ፣ አንዴ ንዳ፣ ጎማህን ለእሁድ ቆጥብ። የመርሴዲሱ ሃሚልተን 1:23.837 አስመዘገበ፤ የቡድን ጓደኛው ሮዝበርግ አልደረሰበትም፤ ሁለቱም ፌራሪዎች ተመልሰው ሳይወጡ ቀሩ። የመጨረሻዎቹን 3 ደቂቃዎች ገደማ ትራኩ ላይ አንድም መኪና አልነበረም። ቴሌቪዥን ባዶ አስፋልት ማሳየት ይችላል። ሬዲዮ ላይ ባዶ አስፋልት ዝምታ ነው። ያን ዝምታ በምን እንደሞላሁት ዛሬ አላስታውሰውም፤ ደብተሬ ላይ ግን ከመጨረሻው ሰዓት በታች ግማሽ ገጽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ሰልፉም አልተደበላለቀም፤ ሁለቱ መርሴዲሶች ፊት፣ ሁለቱ ፌራሪዎች ከኋላቸው። በማግስቱ የቡድን አለቆች ይቅር ቢሉም ደንቡ ባሕሬን ላይ ተደገመ። ሻንጋይ ላይ ነው የቀድሞው የተመለሰው።

ሰው ሁሉ ያኔ የወቀሰው ቆጣሪ ሰዓቱን ነው። እኔ ጥፋቱ የመልስ ዕድል መንፈጉ ላይ ነው እላለሁ። ችሎት የሚያውቅ ሰው «የመልስ መልስ» የሚባለውን ያውቃል፤ ተከራካሪው ለተባለበት የመመለስ ዕድል ሳያገኝ መዝገቡ አይዘጋም። የማጣሪያም ጣዕሙ እዚያ ነው። አንዱ ሰዓት ያስቀምጣል፣ ሌላው ያየዋል፣ ወጥቶ ይመልሳል፤ ሰዓቱ አልቆ ባንዲራው ቢውለበለብም የጀመራትን ዙር ይጨርሳል። አድማጬ ከወንበሩ የሚነሳው ለዚያች ዙር ነው።

ከዚህ ቀደም የተሞከሩትንም በዚሁ መለኪያ አያቸዋለሁ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) እያንዳንዱ አሽከርካሪ በተራው አንድ ዙር ብቻ፣ ያውም የእሁዱን ነዳጅ ተሸክሞ እንዲነዳ ተደረገ። መኪናው ቀላል ስለሆነ ይሁን ሰውየው ስለፈጠነ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም ነበር፤ ቀድሞ የወጣው ላይ ዝናብ ከጣለበትም አለቀለት። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የቅዳሜና የእሁድ ጠዋት ሰዓት እየተደመረ ስድስት ውድድር ተሄደበትና ተተወ። መደመሩን በሬዲዮ ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም እኔ ልመስክር። ከ1996 እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) የነበረው የአንድ ሰዓቱ፣ በ12 ዙር የተገደበው፣ መጀመሪያው ላይ ትራኩ ባዶ እየሆነ ቢያስከፋም የመጨረሻ ደቂቃዎቹን የሚያህል አላየሁም። ሄሬዝ ላይ በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሽከርካሪዎቹ ቪልነቭ፣ ሹማከርና ፍሬንትሰን ሦስቱም 1:21.072 ነዱ። አንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ አልለያቸውም፤ ቀድሞ ያስመዘገበው ቪልነቭ ፊት ተነሳ።

ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለውን ባለ ሦስት ክፍል አካሄድ የምወደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንከን የለውም አልልም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሞንዛ ላይ ሁሉም ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ አየሩን ሊያስቀድድ ሲጠባበቅ፣ እየተንቀራፈፉ ሰዓቱ አልቆ አብዛኞቹ የመጨረሻ ዙራቸውን ሳይጀምሩ ቀርተዋል። ግን ያ የገዛ ምርጫቸው ነበር፤ ዕድሉን የነፈጋቸው ደንብ የለም።

ደንብ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ሞናኮ፣ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፤ የፌራሪው ለክሌር አንደኛ ሆኖ ሳለ የመጨረሻ ሙከራው ላይ ከብረት አጥሩ ተጋጨ፤ ቀይ ባንዲራ ወጣ፣ ማጣሪያው አለቀ። ስህተት እንጂ ተንኮል አልነበረም፤ እሁድም መኪናው ተበላሽቶ ውድድሩን እንኳ አልጀመረም። ያም ሆኖ ሌሎቹ እንዳይመልሱ ያደረገው ሰው የአንደኝነት ቦታውን ይዞ አደረ። አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው ኢንዲካር ቀይ ባንዲራ ያስወጣ አሽከርካሪ በዚያ ክፍል የነዳቸው ሁለት ምርጥ ሰዓቶች ይሰረዙበታል። ፎርሙላ ዋን ይህን እንዲወስድ እፈልጋለሁ፤ ስህተቱ ሳይታሰብ የመጣ ቢሆንም እንኳ። ደንቡ ይጨክናል የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ ለተጋጨው አዝነው ነው። እኔ የማዝነው ለቆሙት ነው። ለአድማጭም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል፦ ሌላውን ያስቆመ የራሱን ሰዓት ያጣል።

የዚያን የሞናኮ ቀን ገጽ አሁንም አለኝ። አራተኛዋ ዓምድ ላይ ቨርስታፐን፣ ቦታስ፣ ሳይንዝ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም ዙራቸው ላይ ነበሩ። ከስማቸው ጎን ሰዓት የለም።