የባትሪው እቁብ

የጣና ውኃ መብራት ማመንጨት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጢስ ዓባይ በ1950ዎቹ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በሐይቁ ዙሪያ ግን ዛሬም በላምባና በባትሪ ድንጋይ የሚያመሹ መንደሮች አሉ። መስመሩ እስኪደርስ ደግሞ ኑሮም ንግድም አይቆምም።

እኔ ባሕር ዳር ላይ ሶላር እገጥማለሁ። ደንበኞቼ ከሐይቁ ማዶ የሚመጡ ባለሱቆች፣ ፀጉር አስተካካዮችና ሻይ ቤት ያላቸው እናቶች ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁኝ "ስንት ዋት ልግዛ?" ብለው ነው። እኔም መልሼ "ምን ሊሠሩበት ነው? በቀን ስንት ሰዓት?" እላቸዋለሁ። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ፀጉር አስተካካይ ወጣት መጥቶ አብረን አሰላን። 15 ዋት የሚፈጀው ቶንዶስ አምስት ሰዓት ቢሠራ 75 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 7 ዋት ሁለት አምፖሎች ለአራት ሰዓት 56፣ ሬዲዮው 60፣ በቀን 15 ስልክ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ 180 ገደማ። ድምሩ 370 አካባቢ ነው። በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር የሚባክነው ሲታከልበት 500 እንያዝ። ባለ 200 ዋት ፓኔል አቧራና ሙቀት ቢቀንሱበትም ፀሐያማ በሆነ ቀን 700 ያህል ይሰጣል። ደመና በሚከብድበት ቀን ግን ከዚህ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን የምሠራው ለጥር ሳይሆን ለነሐሴ ነው፤ በዚያ ሒሳብ ደግሞ ባለ 200ው ፓኔል ብቻውን አይበቃም።

ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባይወጣበት ይመረጣል። 600ው ለወጣቱ ሥራ ይበቃል።

አንዲት ሻይ ቤት ያላቸው እናት ይህንኑ ሲሰሙ "ልጄ፣ ምጣዱንስ አይችልልኝም?" አሉኝ። "እማማ፣ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህ ፓኔል 200 ነው" አልኋቸው። ምጣድ፣ ካውያና ምድጃ በትንሽ ሶላር አይታሰቡም። ለዓሣ ነጋዴ የሚሆን ማቀዝቀዣ ይቻላል፤ ግን የራሱ ፓኔልና ባትሪ ይኑረው።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይሻል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች ፀሐይ በአብዛኛው ዓመት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ በጥቂቱ ዘንበል ይበል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት፣ ቻርጅ ኮንትሮለርም እንዳይዘለል። ያለ ኮንትሮለር የተገጠመ ባትሪ ከመጠን በላይ ይሞላል ወይም እስኪያልቅ ይሟጠጣል፤ ሁለቱም ይገድሉታል።

ጥሩ ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። የአሲድ ባትሪ ግን በደንብ ቢያዝም ከጥቂት ዓመት አያልፍም። ሊቲየሙ ይበልጥ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። መንደር ውስጥ ሶላር ቆሞ ሳይ ብዙውን ጊዜ ፓኔሉ ደህና ነው፤ ያለቀው ባትሪው ነው፣ መግዣውም አልተቀመጠም።

በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ከዚህ አንጻር ብዙ ታስተምራለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሬማና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ ቤቶች በሶላር መብራት አገኙ። ሥራውን ያከናወነው ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን እዚያው የባለሙያ ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ተጠቃሚዎችም ለጥገና የሚሆን ክፍያ በየወሩ ያዋጡ ነበር። ዕቃውን አድሎ መሄድ እንደማይበቃ ቀድሞ የተረዳ ሰው ሥራ ነው።

የእኔም ደንበኞች በአንድ መንደር የባትሪ እቁብ ጀምረዋል። ፀጉር ቤቱ፣ ሱቁና ሻይ ቤቱ ከስልክ ቻርጅ ገቢያቸው በየሳምንቱ ያስቀምጣሉ፤ ባትሪው የደከመበት ሰው ቅድሚያ ያገኛል። ብድር ፍለጋ መሮጥ ቀረ፤ ባትሪ አልቆ ሱቅ የሚዘጋበት ምክንያትም የለም። እኔም አንዱን ባትሪ ስተካ የሌሎቹን አይቼ እመለሳለሁ።

ሶላር ልትገዙ የምታስቡ ነጋዴዎች፣ ፓኔሉን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ፤ በቀን የሚያስፈልጋችሁን ዋት-ሰዓት፣ ለሚቀጥለው ባትሪ ደግሞ በየሳምንቱ የምታስቀምጡትን ብር። ሁለቱን ያወቀ ነጋዴ ጄኔሬተር ይዞ ቤንዚን ፍለጋ አይንከራተትም።