ስልኩን አጥፍታችሁ ቅረጹት

ናይሮቢ፣ ኢስሊ የምኖር ስደተኛ ነኝ፤ ቪዲዮ በማቀናበር ነው የምተዳደረው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም ስንሠራ፣ አንዲት እናት ማታ ከልጇ የመጣ መልእክት ስታነብ ከትከሻዋ በላይ ቀረጽናት። ስልኩ የራሷ ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው ደነገጥኩ፤ የልጁ ስም፣ ቁጥሩ፣ ያለበት ከተማ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ቢሰራጭ ማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል?

ወዲያው የፈጠራ መልእክት ጽፌ ስክሪኑ ላይ አለበስኩበት። ጓደኞቼ ሲያዩት ሳቁ። “ይሄማ ስቲከር ነው!” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ስልኩ ጠፍቶ ይቀረጽ። ጥቁሩ መስታወት የአምፖሉን ነጸብራቅና የጣት አሻራውን ይይዛል። አዲሱን ምስል ‘ስክሪን’ ወይም ‘አድ’ በሚባለው ማዋሃጃ ስትጨምሩት ነጸብራቁ አይጠፋም፤ ዓይንም መስታወት መሆኑን ያምናል። በዚያ ላይ ጥሬው ፋይል ፍላሽ ላይ ቢቀር እንኳ የማንም ሚስጥር የለበትም።

ሁለተኛ፣ ምስሉ ከስልኩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ። በነጻ የሚገኘው ብሌንደር አራቱን ማዕዘን ተከታትሎ ምስሉን ያስርላችኋል። ጥቁር መስታወት ላይ የሚከታተለው ነገር ስለማያገኝ፣ የስልኩ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ምልክት አድርጉ። ጣት በስክሪኑ ፊት ካለፈ ደግሞ በማስክ ቆርጣችሁ ከምስሉ በላይ መልሱት። አድካሚ ነው፤ ግን ጣቱ ከምስሉ ሥር ከገባ ሁሉም ነገር ያስቃል።

ሦስተኛ፣ ምስሉን አታሳምሩት። ካሜራው ደብዘዝ ካለ እሱም ይደብዝዝ፤ ቪዲዮው ማታ የሚመጣው ነጠብጣብ ካለበት እሱም ይኑረው። ጥቁሩም ድቅድቅ አይሁን፤ በክፍሉ ውስጥ ካለው ጥላ ጋር ይመሳሰል። የበራ ስልክ በጨለማ ብርሃን ስለሚረጭ፣ ስትቀርጹ ደካማ መብራት ከስልኩ አጠገብ ያዙ፤ እጇና ነጠላዋ ላይ ይረፍ።

በመጨረሻ፣ ነጸብራቁን ራሱን መርምሩት። ፊቴ አይታይ ያለች ሴት ፊት በጥቁሩ መስታወት ላይ ሊታይ ይችላል። እኔ ይህን ያየሁት ሁለተኛ ስንቀርጽ ነው፤ ስልኩን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ያዘችልንና ተስተካከለ። የመጀመሪያውን ቅጂ እዚያው ፊቷ አጠፋሁት።