የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት በብራውዘር ግንባር

ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና የማይል ሰው አላውቅም። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ጣሪያው ላይ በረድፍ ተደርድረው፣ ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው ቁልቁል ያያሉ። ያንን ረድፍ ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ሲከፈት ከላይ በሚታየው ጠባብ ክፍል ላይ ማኖር፣ ለወዳጅም ማካፈል ይቻላል። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።

ይህ ሥራ ገጽታ መሥራት ይባላል፤ ቲም የሚሉትም አሉ። ገጽታ የብራውዘሩ ልብስ ነው። የምንጎበኘውን ድረ ገጽ አይነካም፤ የሚቀይረው ትሮቹና የአድራሻ መጻፊያው ያሉበትን ክፍል ነው። ውስጡ ቢከፈት የሚገኘው ምስልና የቱ ክፍል ምን ቀለም እንደሚይዝ የሚናገር አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋየርፎክስ ይህን ነገር በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.6 እትሙ ውስጥ ሲያስገባ ብዙ ሰው የራሱን መሥራት ለመደ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ምስሉ ነው። ለፋየርፎክስ ወርዱ 3000፣ ቁመቱ 200 ፒክስል ያህል የሆነ ምስል ይመረጣል፤ ወርዱ የቁመቱ አሥራ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። የፋሲል ግንብ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ወይ አናቱ ይቆረጣል ወይ እግሩ። ስለዚህ ምስል ስትመርጡ የነጠላ ጥለት አስቡ፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዱ ቅርጽ እየተደጋገመ የሚሄድ። የጣሪያው መላእክት የሚያምሩት ለዚህ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የሰሜን ተራሮች ጫፍም እንዲሁ፣ ገመገሙ ራሱ ተዘርግቶ የተሠራ ነው። ጭላዳ ካስገባችሁ በስተቀኝ አስቀምጡት፤ ፋየርፎክስ ምስሉን ከቀኝ ጥግ ስለሚይዘው፣ መስኮቱ ሲጠብ የሚቆረጠው ግራው ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ እዩ። የመላእክቱ ሥዕል ቡናማውም ቢጫውም ስላለበት፣ ነጭ ጽሑፍ አንዱ ጋ ጎልቶ ሌላው ጋ ይጠፋል። ምስሉን ትንሽ ማጨለም ይበቃል። በቀትር፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ፣ የትሮቹን ርእስ ለማንበብ ሞክሩ፤ ካልታየ ገና ነው።

ማካፈሉ በየብራውዘሩ ይለያያል። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ባዘጋጀው፣ ፋየርፎክስ ከለር በሚባለው መሣሪያ ቀለም ብቻ ከመረጣችሁ፣ ምርጫው በሙሉ ሊንኩ ውስጥ ስለሚጻፍ ሊንኩን በቴሌግራም መላክ ይበቃል። የራሳችሁን ፎቶ ካስገባችሁ ግን ፎቶው በሊንኩ አይሄድም። ያኔ ገጽታውን ወደ ሞዚላ የተጨማሪዎች መደብር ማስገባት ያስፈልጋል፤ ፋየርፎክስ እዚያ ያልተፈረመ ገጽታ አይጭንም። ክፍያ የለውም። የክሮም መደብር ግን ለአቅራቢነት መመዝገቢያ አንድ ጊዜ 5 ዶላር ይጠይቃል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው የጎንደር ተማሪ ይህ ትልቅ አጥር ነው። ቪቫልዲ የሚባለው ብራውዘር ከሁሉም ይቀላል፦ ገጽታውን ዚፕ አድርጎ ያወጣል፣ የተላከለት ሰው መልሶ ያስገባዋል። በፋየርፎክስም በክሮምም ገጽታው የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ስልክ ላይ አይደለም።

የሌላ ሰው ገጽታ ስትጭኑ አንድ ነገር አስተውሉ። ገጽታ ቀለምና ምስል እንጂ የሚሠራ ፕሮግራም የለበትም። “ገጽታ ነኝ” ብሎ በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ላንብብ የሚል ካጋጠማችሁ፣ እሱ ገጽታ አይደለም፤ ተዉት።

የራሳችሁን ስታስገቡ ሞዚላ ሌሎች እንዲጠቀሙበት፣ እንዲቀይሩት ትፈቅዱ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ሥዕሉ የጥንት ሠዓሊዎች ነው፤ ፎቶው ግን ያነሳው ሰው ነው። ፈቃዱን ጠይቁ፣ መግለጫው ላይም ስሙን ጻፉለት። ፎቶውን በቴሌግራም ሲልክላችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ አለዚያ ተጨምቆ ይመጣና የመላእክቱ ዓይን ይደበዝዛል።