ዓይናችሁ ያለ ለቅሶ ያነባል? የእንባ ቱቦ መዘጋትና ቀዶ ሕክምናው

"ዶክተር፣ አንድ ዓይኔ ሁሌ ያነባል፤ ጠብታ ባደርግም ለውጥ የለውም" የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ዛሬ እሱን እንይ።

✅ እንባ የት ይሄዳል?
በዓይን ቆባችን ጠርዝ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ከላይም ከታችም ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እንባ በእነሱ ገብቶ ወደ እንባ ከረጢት፣ ከዚያም በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው። ቱቦው ሲዘጋ እንባው በጉንጭ ይወርዳል፤ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ደግሞ ሊመግል ይችላል።

✅ ሕፃናት ላይ
ብዙ ጊዜ የቱቦው ጫፍ ሳይከፈት ይወለዳሉ። ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ገደማ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈታል። እስከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ከዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ወደ ታች በጣት ጫን እያላችሁ እሹት፤ አሠራሩን ሐኪም ያሳያችሁ። የጡት ወተት ዓይን ውስጥ ጠብ ማድረግ ቱቦ አይከፍትም። ከዓመት በኋላም ካልተከፈተ የዓይን ሐኪም በቀጭን መሣሪያ ይከፍተዋል።

✅ አዋቂዎች ላይ
መጀመሪያ ቱቦው መዘጋቱ ይረጋገጣል፤ አለርጂ፣ የዓይን ድርቀትና ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍትም ያስነባሉ። ሐኪሙ በታችኛው ቀዳዳ ውሃ ይልካል፤ ጉሮሯችሁ ከደረሰ ቱቦው ክፍት ነው።

ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ጠብታ አይከፍተውም። መፍትሔው ዲሲአር የሚባል ኦፕራሲዮን ነው፦ በከረጢቱና በአፍንጫ መካከል ያለው ስስ አጥንት ይከፈትና እንባው አዲስ መንገድ ያገኛል። በአፍንጫ ጎን ቆዳ ላይ በትንሹ ተቀዶ ወይም በአፍንጫ ውስጥ በካሜራ ይሠራል። አንዳንዴ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ለሳምንታት ይቀመጣል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ይሻላቸዋል።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በኃይል አትናፈጡ፤ ትኩስ ቡናም ለጊዜው ይቆይ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

⚠️ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች
• በዓይን ውስጠኛ ጥግ ቀይና የሚያም እብጠት፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር
• ብርሃን የሚሸሽ፣ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ያለቅጥ የሰፋ ወይም የደበዘዘ ሕፃን፤ ይህ ግላኮማ ሊሆን ይችላል
• በተወለደ በመጀመሪያው ወር የቀላና የሚመግል ዓይን

እባካችሁ ከፋርማሲ በግምት ጠብታ አትግዙ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ጨምሮ እይታን ሊያሳጣ ይችላል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሕፃን ላላት እህታችሁም ሼር አድርጉላት። ጤና ይብዛላችሁ!