የሞተሩ መብራት ሲበራ

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ የቤታችን መኪና ቤንዚን ብንሰጣት ዳገቱን እምቢ አለች፤ ቢጫውም የሞተር ቅርጽ ያለው መብራት በራ። ጋራዥ ወስደን አራት ካንዴላ አስለወጥን። የመጽሐፍ መግዣው ገንዘብ ሄደ፥ መብራቱ ግን እንደ በራ ቀረ።

መብራቱ በሽታውን አይናገርም፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ጉድለት መመዝገቡን ብቻ ያስታውቃል። መዝገቡ የሚነበበው ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ነው፤ አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ያደረገችው ነው። ትንሿን ማንበቢያ ተውሰን ብንሰካ «ፒ 0171» አለች፤ ይኸውም ለቤንዚኑ አየሩ በዛ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ወይ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ፥ ወይ የአየር መለኪያው ቆሽሿል፥ ወይ ነዳጅ በሚገባ አይደርስም። ኮፈኑን ከፍተን ብናይ ከመለኪያው በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። ታዲያ ካንዴላው ምን በደለ?

«ከፍታው ነው» የሚል አይጠፋም። እርግጥ በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ይደክማል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይህን ያውቃልና መብራት አያበራበትም።

ቁጥሩን ሳትጽፉ አታጥፉት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ያለውን ካታሊስት ያቃጥላልና ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ።